አያታችን የሚያየው ቀለም

ሬፊልዌ የምትባል የሀብታም ልጅ እቤታችን እየተመላለሰች ያለንን ነገር አንድ በአንድ ትወስድብን በነበረበት ጊዜ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ማንም አላመነኝም እንጂ ማስረጃ ነበረኝ።

መጀመሪያ የወሰደችው የአልጋዬን ቦታ ነው። ቤታችን ሶዌቶ፣ ዞንዲ ሰፈር ነው፤ ዛሬም የምኖረው እዚያው ነው። ያኔ እማ፣ ምኩሉ የምንለው የአባቴ አባት፣ ታላቅ እህቴ ኖምፉንዶና እኔ ነበርን። አባታችን የሞተው እኔ አፌን ሳልፈታ ነው። ኖምፉንዶ በትምህርት የሚደርስባት ስላልነበረ ብራያንስተን የሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ያለ አንድ የሴቶች ትምህርት ቤት በነፃ ተቀብሏት ነበር። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ ሁለት ታክሲ ቀይራ ትሄዳለች። ሬፊልዌ የክፍል ጓደኛዋ ናት። እንደኛው ጥቁር ናት፤ ግን አባቷ በአንድ የማዕድን ኩባንያ ውስጥ ትልቅ ሰው ስለነበር የምትኖረው እዚያው ትምህርት ቤቱ አጠገብ፣ የመዋኛ ገንዳ ያለው ግቢ ውስጥ ነው። አንድ ዓርብ ልትጠይቀን መጣችና አደረች። እኔና እህቴ በምንተኛበት አልጋ መሀላችን ገብታ፣ ብርድ ልብሱን ወደራሷ ጠቅልላ እስከ ረፋድ ተኛች። ከዚያ ወዲያ መምጣቷን ልማድ አደረገችው።

ቀጥሎ የቆርቆሮ ኩባያችንን ወሰደች። ጠርዙ የተላጠ፣ ሰማያዊ፣ ለእንግዳ የማይቀርብ ኩባያ ነው። "በዚህ ሲጠጡት ሻይ ይጣፍጣል፤ ልውሰደው እማ?" አለቻት እናቴን፤ እናቴን "እማ" ማለትም ጀምራለች። እማ እየሳቀች "ውሰጂው ልጄ" አለቻት። ቀጥሎ የእማ አሮጌ ሻሽ ሄደ። ቀጥሎ ጓሮ ካለችው ዛፍ ኮክ በፌስታል ሄደ። እኔ እሁድ እሁድ ማታ እቃችንን እየዞርኩ እቆጥር ነበር።

"መዋኛ ገንዳ እያላት ኩባያችን ምን ያደርግላታል?" ብዬ ኖምፉንዶን ጠየቅኳት።

"አፍሽን ያዢ ፊኪሌ፤ እንግዳ ናት።"

"እንግዳማ ይሄዳል።"

እህቴ በትራስ መታችኝና ሳቀች፤ ግን ሳቋ ከልቧ አልነበረም። ይኼንን አሁን ነው የምለው።

የሰፈር ልጆች ሬፊልዌን በር ላይ ሲያዩ "ኮኮናት! ኮኮናት!" ይሏታል። ላይዋ ቡኒ ውስጧ ነጭ ማለታቸው ነው። እሷ ዞር ብላ ፈገግ ትላለች፤ መሰደቧን ያወቀች አትመስልም ነበር። ሰላምታ እንኳን አታውቅም። ደጅ የተቀመጡ አሮጊቶች ፊት ቆማ፣ እጇን ከፍ አድርጋ "ሃይ!" ብላ ታልፋለች።

"ይቺ ልጅ ሰላምታ ነው የምትሰጠን ወይስ መኪና ነው የምታሳልፈው?" ትል ነበር ጎረቤታችን ማ ዶሪስ። ማ ዶሪስ ልብስ ሰፊ ናት፤ መጋረጃና ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ምላሷም ከመርፌዋ አይተናነስም።

ሬፊልዌን ሳያማ የሚቀበላት ምኩሉ ብቻ ነበር። የምኩሉ ዓይን በሞራ ተሸፍኖ ነበር፤ ሰው የሚያውቀው በድምፅና በእርምጃ ነው። አንድ ቀን አጠገቡ አስቀመጣትና "የማን ልጅ ነሽ?" አላት።

የአባቷን ስምና ሥራ ነገረችው።

"እሱን አልጠየቅኩሽም። ከአባትሽ በፊት ማን ነበር? ከዚያስ በፊት? አያቶችሽ ሲጠሩ ማን እየተባሉ ነው?"

ሬፊልዌ በጣቶቿ መቁጠር ጀምራ ተወችው። ከዚያ ቀስ ብላ "አላውቅም ምኩሉ። እኛ ቤት የሚነግረኝ የለም" አለችው።

"አይዞሽ" አላት ጉልበቷን እየዳበሰ፤ "የሚጠራሽ ሰው አይጠፋም።"

እኔ ሻይ ይዤ ተንበርክኬ ነበር፤ እኛ ጋ ሴት ልጅ ለሽማግሌ የምታቀርበው ተንበርክካ ነው። ደስ አለኝ። እስቲ ይኼንን ትውሰድ፣ አልኩ በሆዴ። እኛ በዘር ስማችን ምኺዜዎች ነን። ምኩሉ ሻዩን ሲቀበለኝ "አመሰግናለሁ ምኺዜ" ይለኛል፤ ያ አጭሩ ነው። ረጅሙ፣ አያት ቅድመ አያቶች በየተራ የሚጠሩበት፣ የተሻገሩት ወንዝና የሰፈሩበት ተራራ የሚነሳበት፣ ለትልቅ ቀን ብቻ ነው። እሱ አንዴ ከተጀመረ አይቋረጥም። ሰው በመሀል ካስቆመው ለሙታኑ በር ከፍቶ ፊታቸው ላይ እንደመዝጋት ነው።

ትልቁ ቀን ደግሞ እየመጣ ነበር። የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች የሚሰናበቱበት ጭፈራ አለ፤ የማትሪክ ዳንስ ይባላል። ብራያንስተን ያሉት ስለ አዳራሹና ስለ ምግቡ ያወራሉ። እኛ ሰፈር ግን ስለ ጭፈራው ግድ ያለው የለም። ዋናው ከቤት መውጣቱ ነው። ልጅቷ ለብሳ፣ አጊጣ ከናቷ በር ስትወጣ መንገዱ ሁሉ ወንበር ይዞ ይወጣል፤ እልል ይባላል፤ ቤተሰቡ ስሟን ከነዘሯ ይጠራል፤ ከዚያ መኪና ውስጥ ትገባለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነው የእሷ ጉዳይ ነው። በእኛ መንገድ ከዚያ በፊት እስከዚያ ክፍል የደረሰች ልጅ ስላልነበረች፣ የኖምፉንዶ መውጣት የመንገዱ ሁሉ ነበር።

ቀሚሱን ማ ዶሪስ ልትሰፋ ተስማማች። ቀለሙ ላይ ክርክር በተነሳ ጊዜ ምኩሉ ከጥጉ "እኔ እንግዲህ የማየው ነገር ብዙ የለም" አለ። "ሰው ሁሉ ጥላ ሆኖብኛል። ያቺ የዶሪስ ቢጫ ሽርጥ ብቻ ትታየኛለች፤ ከበሩ ስትገባ አውቃታለሁ።"

እማ መቀሱን አስቀመጠች። "በቃ ቢጫ ነው" አለች።

"ቢጫ?" አለች ኖምፉንዶ።

እማ ቀና ብላ አየቻት።

"እሺ እማ" አለች እህቴ።

ክረምቱን ሙሉ ቢጫው ጨርቅ ማ ዶሪስ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ከረመ። እኔ ከስፌት መኪናዋ ሥር ተቀምጬ የወደቀ ስፒል እለቅም ነበር። የመንገዱ ሴቶች እየገቡ ጫፉን ይነካሉ፤ አንዷ የአንገቱን ዶቃ አመጣች፣ ሌላዋ ገበሩን። ምኩሉም በዱላው እየተመራ ይመጣና ፊቱን ወደ ጨርቁ አስጠግቶ "አየሁት፣ አየሁት" እያለ ይስቃል። ኖምፉንዶ ልክ ልትለካ ስትመጣ ግን ዝም ብላ ትቆማለች። "እጅሽን አንሺ" ሲሏት ታነሳለች፤ "ዙሪ" ሲሏት ትዞራለች። እኔ ደስታ ነው ያፈዘዛት ብዬ ነበር።

ከዚያ ሬፊልዌ አዲስ ነገር ይዛ መጣች። እሷም ከኛ ቤት መውጣት እንደምትፈልግ ነገረችን።

"የራስሽ ቤት የለሽም?" አልኳት። እማ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ።

"አለኝ" አለች ሬፊልዌ። "ግን እዚያ ብወጣ የሚያየኝ ዘበኛው ብቻ ነው። ጎረቤቶቻችን ስሜን አያውቁም። እማዬ፣ እባክሽ።"

እማ የመውጣት ነገር ሲነሳ እምቢ ማለት አትችልም። "ሁለት ልጅ ባስወጣ እኔ ነኝ የምኮራው" አለች። እኔ ደግሞ ገባኝ፦ እልልታችንንም ልትወስድ ነው።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ እኛ ጋ ነሐሴ ደረቅ ወር ነው፤ ነፋሱ አቧራውን እያስነሳ ነበርና ልጆች ከጠዋት ጀምሮ መንገዱን ውኃ ሲረጩ ዋሉ። ወንበር ወጣ። ማግዊኛ የሚባለው በዘይት የሚጠበስ ሊጥ ሽታ ከየቤቱ መጣ። ምኩሉ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጥሩ በር አጠገብ ተቀመጠ። በየጊዜው "ወጣች?" ይላል፤ "ገና ነች አባባ" ይሉታል። ሬፊልዌ በአባቷ መኪና መጣች፤ ቀሚሷ በረጅም ላስቲክ ተሸፍኖ ነበር። ብርማ፣ ቀጭን፣ ትከሻው ባዶ የሆነ፣ ሱቅ የተገዛ ቀሚስ ነው። ሁለቱ መኝታ ክፍላችን ገብተው በሩን ዘጉት።

እማ የፀጉር ስፒል አድርሺ ብላ ላከችኝ። በሩ ላይ ስደርስ በእንግሊዝኛ እየተከራከሩ ነበር። የማውቀው እንግሊዝኛ የሁለተኛ ክፍል ነው፤ "ቀሚስ"፣ "አንቺ"፣ "እኔ" የሚሉትን ለየሁ። ከዚያ "እባክሽ፣ እባክሽ" የሚል ልቅሶ ሰማሁ። በሹክሹክታ ስለነበረ የማን እንደሆነ አልለየሁም፤ መለየትም አላስፈለገኝም፣ ማን ሁልጊዜ እባክሽ እንደሚል አውቃለሁ። በቁልፉ ቀዳዳ አየሁ። ቢጫው ቀሚስ ከእህቴ እጅ ወደ ሬፊልዌ እጅ ሲያልፍ አየሁ።

የተባባሉትን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ኖምፉንዶ አሁን ብራያንስተን ነው የምትኖረው፤ ጠበቃ ናት። አንድ እሁድ ወጥ ቤቷ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ነገረችኝ። የለመነችው እሷ ናት።

"ጥቁር ሴቶች እዚያ ክፍል ውስጥ ስድስት ነበርን" አለችኝ። "ነጮቹ ስድስታችንን አንድ ያደርጉናል። እኛ ግን እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን። ከእኔና ከሬፊልዌ ሌላ ያሉት አራቱ በአባታቸው መኪና ነው የሚመጡት። ጠዋት ስገባ 'ሶዌቶ መጣች፤ መስኮት ክፈቱ፣ የከሰል ጭስ ይሸታል' ይላሉ። ቀልድ ነው። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ቢጫ ለብሼ ስገባ የሚሉትን አውቀዋለሁ። ሬፊልዌ 'ቆንጆ እኮ ነው፤ እኔ ብሆን እለብሰው ነበር' አለችኝ። ተናደድኩባት። 'አንቺ ስትለብሺው አምሮባታል ይሉሻል' አልኳት። 'እኔ ስለብሰው ሌላ አጥታ ነው ይሉኛል። ጨርቁ እኮ ያው ነው ሬፊልዌ።'"

ሬፊልዌ መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። "የምኩሉ ቀሚስ ነው" ብላታለች። እህቴ ግን አለቀሰች፤ ሬፊልዌ ስታለቅስ አይታት ስለማታውቅ ደነገጠችና የራሷን ቀሚስ ላስቲክ ቀደደችላት። ኖምፉንዶ ያሰበችው ቀላል ነበር። ምኩሉ ፊት አይለይም፤ እማ በሰው ፊት አትናገርም፤ መኪና ውስጥ ቶሎ መግባት ነው። ፊት ለፊት ለመውጣት ግን ድፍረት አጣች። "አንቺ ቅደሚ" አለቻት ሬፊልዌን።

እኔ ይኼን ሁሉ ሳላውቅ ወደ ውጪ ሮጥኩ። "እማ! ቀሚሱን ወሰደችው!" አልኩ። እማ በሰው መሀል ስለነበረች "ስፒሉንስ አደረስሽ?" አለችኝ፤ አልሰማችኝም።

በሩ ተከፈተ።

ቢጫው ወጣ። መንገዱ በእልልታ ተነሳ፤ ክረምቱን ሙሉ ሲነካኩት የኖሩት ቀሚስ ነውና መጀመሪያ ያዩት ቀሚሱን ነው። ከዚያ ፊቷን አዩ። እልልታው ከአንድ ጥግ ጀምሮ እየቀነሰ ሄደና ፀጥ አለ። የማ ዶሪስ እጅ አፏ ላይ ቀረ።

ምኩሉ ግን ተነስቷል። ዱላውን ጥሎ ነው የተነሳው። ፊቱ በርቶ ነበር፤ ያን ፊቱን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም።

"ምኺዜ!" አለ።

ድምፁ መንገዱ ማዶ ተሰማ።

"ኻባዜላ! የማቮቮ ልጅ!"

እማ እጇን ዘርግታ ወደ እሱ ተራመደች። ማ ዶሪስ የእጇን አንጓ ያዘቻት። "ተዪው" አለቻት ቀስ ብላ፤ "አንዴ ጀምሮታል።"

እማ ቆመች። መንገዱ ሁሉ ቆመ። ምኩሉ አባቶቻችንን በየተራ ጠራ፤ ወንዞቹን ጠራ፤ ከብቶቻቸውን ያጡበትን ዓመትና የመለሱበትን ዓመት ጠራ። የልጁ፣ የአባቴ ስም ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረና እንደገና ቀጠለ። ሬፊልዌ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆማ ነበር። የሚጠራው የሷ እንዳልሆነ ታውቃለች። ዞራ ወደ ኋላዋ አየች። ኖምፉንዶ በብርማው ቀሚስ የበሩ መድረክ ላይ ነበረች፤ ትከሻዋ ባዶ፣ እጇ የበሩን ጠርዝ ይዞ። ሁለቱ ተያዩ። ኖምፉንዶ አልተንቀሳቀሰችም።

ያኔ ሬፊልዌ ወደ ምኩሉ ሄዳ ተንበረከከች። ያ ቀሚስ አቧራና ጭቃ ላይ አረፈ። እኛ ሻይ ስናቀርብ የምንንበረከከውን አይታ ኖሯል። ይኼንንም ወሰደችው፣ አልኩ። ምኩሉ እጁን ጭንቅላቷ ላይ ጭኖ የቀረውን ጨረሰ። እሷ ታለቅስ ነበር፤ የተኳለችው ሁሉ አገጯ ላይ ወረደ። እኔ ሌባ ተይዛ ነው የምታለቅሰው ብዬ ነበር።

"የሚጠራሽ ሰው አይጠፋም" ብሏት እንደነበረ ትዝ ያለኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሲጨርስ ማ ዶሪስ ነቃች። መሬት ተቀምጣ የቀሚሱን ጫፍ በሽርጧ ጠረገች፤ ክር የወጣበትን በጥርሷ በጠሰች። "ቀጥ በይ" አለቻት ሬፊልዌን፤ "ትከሻሽን አታጉብጪ፤ ልፋቴን ታበላሺብኛለሽ።" ከዚያ ራሷ እልል አለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ኖምፉንዶ በዚያ እልልታ መሀል አንገቷን ደፍታ፣ ቶሎ ቶሎ ተራምዳ መኪናው ውስጥ ገባች። እማ ሮጣ ደረሰችባትና በመስኮቱ የራሷን ሻርፕ አስገባችላት። "ይበርድሻል" ብቻ ነው ያለቻት።

አዳራሹ ውስጥ እህቴ ያለችው ሆነ። ሬፊልዌን ከበው ማን እንደሰፋላት ጠየቋት፤ "ማ ዶሪስ ናት፣ ሶዌቶ" አለቻቸው። ከዚያ ከአራቱ አንዷ የማ ዶሪስን አድራሻ ከኖምፉንዶ ጠየቀቻት። በሚቀጥለው ዓመት ማ ዶሪስ ለብራያንስተን ልጆች ቀሚስ መስፋት ጀመረች፤ ሁለተኛ የስፌት መኪናም ገዛች። "ትክክል ነበርኩ" ብላኛለች ኖምፉንዶ፤ "ትክክል መሆኔ ነው ያቃጠለኝ።"

በማግስቱ ጠዋት ምኩሉ ኖምፉንዶን ጠራት። እኔ አልጋው ሥር ጫማውን እየፈለግኩለት ነበር።

"ልጄ" አላት፤ "አየሁሽ። ቢጫው ውስጥ አየሁሽ። ተንበርክከሽ ስታለቅሺ አባትሽ ትዝ አለኝ፤ እሱም ሆደ ባሻ ነበር። አሁን ብሞት አይቆጨኝም።"

የእህቴን እግር ብቻ ነው የማየው። አንዱ እግር ሌላውን ረገጠው።

"አዎ ምኩሉ" አለች። "አመሰግናለሁ ምኩሉ።"

ማንም አልነገረው። በዓመቱ ሞተ። እኔ ሬፊልዌን ከሁሉም በላይ የጠላኋት ቀሚሱን አጥባ ይዛ በመጣች ቀን ነው። እማ አልቀበልም አለቻት። "ምኩሉ የጠራው ላንቺ ነው፤ ያንቺ ነው" ብላ መለሰችላት። ይዛው ሄደች። በመጨረሻም ይኸው፣ አልኩ።

ኖምፉንዶ ስታገባ ሆቴል ውስጥ ነው ያገባችው፤ የሠርጉ ንግግር ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር። አንድ የሩቅ አጎት ተነስቶ "ምኺዜ!" ሲል ገና ከአፉ ሳይወጣ ክንዱን ያዘችው። "ይቅርብኝ ባባ" አለችው፤ "የኔ ተጠርቷል።" እሱ አልገባውም። እማና እኔ ተያየን።

ዘንድሮ ልጇ ኽዌዚ የመጨረሻ ክፍል ደረሰች። ከመኪና ውጪ መንገድ የማታውቅ፣ አጥሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለው ቤት ያደገች ልጅ ናት። ነሐሴ ላይ ደወለችልኝ።

"አክስቴ ፊኪ፣ ለማትሪክ ዳንሴ ካንቺ ቤት ብወጣ ቅር ይልሻል? እዚህ የሚያየኝ የለም።"

"እናትሽስ ምን አለች?"

"ተነስታ ወጥ ቤት ገባች።"

ቅዳሜ ለት መንገዱን ውኃ አስረጨሁ። ወንበር ወጣ። እማ አርጅታለች፤ አጥሩ በር ጋ፣ ምኩሉ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ተቀመጠች። ማ ዶሪስ የለችም፤ ልጇ መጣች። ሬፊልዌም መጣች፤ ዘንድሮ እንኳን እማዬ ማለቷን አልተወችም፤ አሮጊቶቹ ፊት ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ሰላም አለቻቸው። ኽዌዚ ጥቁር ለብሳ ወጣች። የአባቷ ወንድም ቆሞ የአባቷን ዘር ጠራላት፤ እሷ የነሱ ናትና። እልልታው እስኪበርድ ጠብቄ ቆየሁ።

ኖምፉንዶ ከኋላዋ የልጇን ቀሚስ ጫፍ ይዛ ወጣች። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጋለች፤ መነጽሯ ፀጉሯ ላይ ነው፤ የመኪና ቁልፍ እጇ ላይ ነው። ልጅቷ መኪና ውስጥ ስትገባ ጫፉን ለቀቀችና በሩ መድረክ ላይ ብቻዋን ቀረች። ከምኩሉ በኋላ የዚህ ቤት ምኺዜዎች ሁለታችን ብቻ ነን፤ ሰው ደግሞ የራሱን አይጠራም። ቆምኩ።

"ምኺዜ!" አልኩ። "ኻባዜላ! የማቮቮ ልጅ!"

እህቴ ዞራ ወደ ኋላዋ አየች። ከኋላዋ ማንም አልነበረም።